የወተት ቅርጫ

ዶክተር ፈቃደ ከጣሳው በማንኪያ የዘገነውን ነጭ ዱቄት ሳህን ላይ አፈሰሰና አዮዲን ጠብ አደረገበት። ዱቄቱ ወዲያው ጠቆረ።

«ወተት እንዲህ አይሆንም» አለኝ። «ስታርች ነው። ከግማሽ በላይ ቡላ የተቀላቀለበት ይመስለኛል።»

ቡላ ከእንሰት ተጨምቆ የሚወጣ ነጭ ምግብ ነው። በእኛ በጉራጌ አራስ የሚጠገንበት፣ የታመመ የሚነሳበት፣ እንግዳ የሚከበርበት ነው። ሰው ሲሞት ቡላ የሚጠረጠርበት አገር ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

አልጋው ላይ በነጠላ የተሸፈነችው ረምላ ኢስሀቅ ትባላለች። አምስት ወር ከሳምንት ኖራለች። ማክሰኞ ጠዋት እናቷ በባጃጅ ቡታጅራ ሆስፒታል ስታደርሳት ትንፋሽ አልነበራትም። ዶክተሩ ነጠላውን ገለጥ ሲያደርገው ጉንጯ ሙሉ፣ እግሯ ድብልብል ያለ ነበር።

«ወፍራለች እኮ» አልኩ።

«አልወፈረችም፤ አብጣለች።» በአውራ ጣቱ እግሯን ጫን አድርጎ ለቀቀው። ጣቱ ያረፈበት ቦታ ጎድጉዶ ቀረ። «ይቺ ልጅ የሞተችው በረሃብ ነው፣ ያረጋል። ሆዷ እየሞላ ተርባ ነው የሞተችው። ሁለት ወር ገደማ ፈጅቶባታል።»

ሃያ ሁለት ዓመት ፖሊስ ሆኜ ሠርቻለሁ፤ ወልቂጤም ቡታጅራም ብዙ ሬሳ አይቻለሁ። ያን ቀን ግን ኮፍያዬን አውልቄ የት እንደማስቀምጠው ጠፋኝ።

እናትየው ኮሪደሩ ላይ ጡጦ ይዛ ተቀምጣለች። ሰልሚያ ትባላለች፤ ገና ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። አታለቅስም። አጠገቧ የተቀመጠችው ረዳቴ ሳጅን ሰፍያ ትከሻዋን ይዛታለች።

«ዛሬ ጠዋት እንኳ ጠጥታለች» ትላለች ሰልሚያ። «ጉንጯን አይታችሁታል? ጉንጯን እዩት።»

«ሥራሽ ምንድን ነው?» አልኳት።

«ቡላና ቆጮ እነግዳለሁ። ገበያ ላይ።»

አለቀ። ከዚህ በላይ ማሰብ አላስፈለገኝም። አንድ ትልቅ ጣሳ የሕፃን ወተት የቀን ሠራተኛ ሳምንቱን ሙሉ ለፍቶ የማይገዛው ነገር ነው። እናት ወተቱን ትሸጣለች፤ ጣሳውን ከራሷ ሸቀጥ ትሞላለች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ እኔም የያዝኩትን ይዤ ሴትዮዋን በቁጥጥር ሥር አዋልኳት።

* * *

ጣቢያ ስንደርስ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«አጥቤ ልሸኛት። ዛሬ ከአሱር ሶላት በፊት ይቀብሯታል። በእጄ አጥቤ ልከፍናት፤ ከዚያ እመለሳለሁ። ወላሂ እመለሳለሁ።»

«አይሆንም» አልኩ።

ሰፍያ ወደ ኮሪደር ጠራችኝ። «ኢንስፔክተር፣ ሁለት ሰዓት ቢፈጅ ነው። እኔ አብሬያት ሄጄ አብሬያት እመለሳለሁ።»

«ቤቷ ውስጥ ማስረጃ ካለስ? ጎረቤት አስተባብራ ቃል ብታስቀይርስ?»

«እናት ናት» አለች።

«ተጠርጣሪ ናት» አልኩ። ሕጉም መመሪያውም ከእኔ ጋር ነበር። ሰፍያ እስከ ማታ ድረስ ስታናግረኝ ዓይኔን አታየኝም ነበር።

ሰልሚያ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«ወተቱን ከየት ትገዢያለሽ?»

«ብቻዬን አልገዛም። እንቃረጣለን።»

«ምን?»

«የወተት ቅርጫ ነው። እኔ፣ ናዝሬትና ሆሳዕና።»

በሬ በጋራ ገዝቶ፣ አርዶ፣ በመደብ በመደብ ከፍሎ ዕጣ ማውጣት የማያውቅ የአገራችን ሰው የለም። የወተት ቅርጫ ግን ሰምቼ አላውቅም። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ትንሹ ጣሳ ድሃ ያታልላል፤ ዋጋው ያነሰ ይመስላል እንጂ በግራም ሲሰላ ከትልቁ ይወደዳል። ሦስቱ ሴቶች በየቅዳሜው ከሙስተፋ ሱቅ ሁለት ትልልቅ ጣሳ አንድ ላይ ያነሳሉ፤ እሱም በጅምላ ዋጋ ይሰጣቸዋል። ዱቄቱን እዚያው በሚዛን አራት መደብ ያደርጉታል። ሰልሚያ ጡቷ በእባጭ ምክንያት ተቀዶ ስለደረቀ ሁለት መደብ ትወስዳለች። ናዝሬትና ሆሳዕና ጡትም ስለሚያጠቡ አንድ አንድ ይበቃቸዋል።

«ሁለቱ ክርስቲያን አንቺ ሙስሊም። እንዴት ተስማማችሁ?» አልኳት።

«ሥጋ ነው የማያገናኘን» አለች። «ወተቱን ማን ያርደዋል?»

በሌላ ቀን ቢሆን ያስቀኝ ነበር። «አንቺ ቅዳሜ ገበያ ነሽ። ድርሻሽን ማን ያመጣልሻል?»

«ናዝሬት። ጎረቤቴ ናት፤ በሽቦ አጥር ነው የምንለያየው። የእኔን ዕጣ አውጥታ ማታ ታደርስልኛለች። አላህ ይስጣት።»

«ወተቱ ላይ ያየሽው የተለየ ነገር የለም?»

«ደህና ወተት ነው። ወፍራም። እንዲያውም ጡጦው እየተደፈነ ሲያስቸግረኝ ጫፉን በመርፌ አሰፋሁት። ከዚያ ደግሞ በጣም ወፍራም ስለሆነ በየጡጦው አንድ አንድ ማንኪያ ቀነስኩ። አብቃቃሁት።» ቀና ብላ አየችኝ። «ማን ነው ወተት ወፈረብኝ ብሎ የሚከስ?»

ሰፍያ ከጎኔ ሆና ቃሏን ትጽፋለች።

«ዳይፐርም ቀንሳልኝ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «በፊት በቀን አራት ትፈልግ ነበር። ቀን ቀን ጨርቅ እያሰርኩላት እንኳ። ኋላ ሁለት በቃት። አባቷ ‹እናቷ ነጋዴ፣ ልጅቷ ቆጣቢ› ይል ነበር። አብረን ሳቅን።»

ሰፍያ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች።

* * *

ሙስተፋ ስድሳ የሞላው፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ሱቅ ያለው ሰው ነው። ሰፍያ «አሰላሙ አለይኩም፣ ጋሼ ሙስተፋ» ስትለው ገና ሰላምታውን ሳይጨርስ እንባው መጣ።

«ወአለይኩሙሰላም። ኢናሊላህ። ያቺ ሕፃን… እዚህች ባንኮኒ ላይ እያስቀመጧት አጫውታት ነበር።»

የታሸገ ጣሳ አስከፈትኩት። ዶክተሩ የሰጠኝን አዮዲን ጠብ ሳደርግበት እንዳለ ቀረ፤ አልጠቆረም። ያለፈው ቅዳሜ ጣሳ ክዳን ሥር የነበረውን ፎይል ማን እንደቀደደው ጠየቅሁ። ሴቶቹ ፊት ራሱ በቢላ እንደቀደደው ነገረኝ። ሦስት ደንበኛ አይቷል።

«ዕጣውስ?»

«ሰልሚያ ሁለት የስኒ ስባሪ ትልካለች፤ ናዝሬት ቁልፍ፣ ሆሳዕና ጠመኔ። መንገደኛ እንጠራና የማንነቱን ሳያውቅ በየመደቡ ላይ ያስቀምጣል። እንደ ሥጋ ቅርጫው ነው፤ ተንኮል የለበትም።»

እኔም የእምድብር ልጅ ነኝ፤ በመስቀል ስንት ጊዜ ተቃርጬአለሁ። ዕጣ የሚወጣበትን መደብ ማንም አያበላሽም፤ የገዛ ራሱ ዕጣ ቢያርፍበትስ? ሌሎቹ ሁለት ሕፃናት ደግሞ ደህና ናቸው። ስለዚህ ጣሳው ንጹሕ፣ ሱቁ ንጹሕ፣ ዕጣው ንጹሕ ነው። ቡላው የገባው ዕጣ ከወጣ በኋላ ነው። ይህ ደግሞ ወደ ሰልሚያ ቤት ይመልሰኛል ብዬ ረካሁ።

«ዳይፐርም ከአንተ ነው የሚገዙት?»

«በፍሬ እሸጥላቸዋለሁ። ፓኮ ሙሉ የሚገዛ አሁን ማን አለ? ሰልሚያ ቀነሰች፤ ሆሳዕና ያው ናት፤ ናዝሬት ጨመረች።»

«ልጅ ሲያድግ ይጨምራል» አልኩና ማስታወሻዬን አጠፍኩ። ያን ጊዜ ጆሮዬ ላይ ተቀምጦ የነበረውን ነገር አሁን ሳስበው ራሴን መምታት ያምረኛል።

ሙስተፋ ልንወጣ ስንል ድምፁን ዝቅ አደረገ። «መናገር አልፈልግም ነበር። ባሏ ኢስሀቅ እህል ተራ የወተት ጣሳ ሲሸጥ ታይቷል። ደግሞ ሰልሚያና ሆሳዕና ከሦስት ሳምንት በፊት እዚህ በሬ ላይ ተጣልተዋል። በወተት ነው።»

* * *

ለቅሶው ቤት ወንዶች ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ኢስሀቅ መናኸሪያ ዕቃ በመጫን የሚኖር፣ ትከሻ ብቻ የሆነ ሰው ነው። ከሰው ለየት አድርጌ ጓሮ ወሰድኩት።

«ጣሳ ሸጠሃል?»

«ሸጫለሁ። ባዶውን» አለ። «ባዶው ጣሳ ለእኛ በተራ ይደርሰናል። እህል ነጋዴዎች ለመስፈሪያ ይፈልጉታል። በሸጥኩበት ሁለት ፍሬ ዳይፐር ገዛሁ።» ከዚያ ክንዴን ያዘኝ። «ልጄ ተቀብራለች። እናቷ አላየቻትም። እህቴ ናት ያጠበቻት። እናቷን ምን ልበላት?»

ሰፍያ እህል ተራ ሄዳ ስትጠይቅ ገዢው ጣሳውን አሳያት። ባዶ እንደገዛው፣ እንዲያውም ታጥቦ እንደመጣለት ነገራት።

ከጓሮው ስንወጣ አንዲት ሴት ለለቀስተኛ ውሃ በጆግ ታድላለች። ጀርባዋ ላይ የታዘለው ወንድ ልጅ አንገቱ እስኪጠፋ ወፍሯል። ዓይኗ አልቅሶ አብጧል። ናዝሬት እሷ ነበረች።

«ሰልሚያን ልቀቋት» አለችኝ፣ ጆጉን እንደያዘች። «እሷ ልጇን አትገድልም። እባካችሁ ልቀቋት። እኔ አውቃታለሁ።»

«ወተቱን ቅዳሜ ያደረስሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ። ዕጣው እንደወጣ በላስቲክ ቋጥሬ ቤቴ አስቀምጣለሁ፤ ከገበያ ስትመጣ እሰጣታለሁ። ሁልጊዜ እንዲሁ ነው።»

አመስግኛት አለፍኩ። ከለቀስተኛው ሁሉ አጥብቃ የምታለቅሰው እሷ ነበረች፤ ለባልንጀራዋ ነው ብዬ አዘንኩላት።

* * *

ሆሳዕና የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት። በእረፍት ሰዓት ከክፍሏ በር ላይ አገኘኋት። እጇ ጠመኔ በጠመኔ ነው።

«የተጣላነው በማይረባ ነገር ነው» አለች። «‹ውሃ የመሰለ ወተት አመጣሽልኝ፤ ድርሻዬን ቀንሰሻል› አለችኝ። እኔ እኮ እንዳለ ነው ያደረስኩላት። በሰው ፊት ሌባ መባል ቀላል ነው?»

«አንቺ ለምን አደረስሽ? ናዝሬት አይደለችም እንዴ?»

«ያን ሳምንት ናዝሬት እናቷ ታማባት እምድብር ሄዳ ነበር። የሰልሚያን ሁለት መደብ ያወጣሁት፣ በእግሬ ሄጄ ያስረከብኩት እኔ ነኝ።»

«ቀጠነ ያለችው የዚያን ሳምንቱን ብቻ ነው?»

«የዚያን ብቻ። ከዚያ በኋላ ናዝሬት ስትመለስ ደህና ሆነ አለች። ይኸው እስከ ዛሬ ታኮርፈኛለች።» ጠመኔውን ከእጇ አራገፈች። «እንደተኮራረፍን ልጇ ሞተች።»

ማስታወሻዬ ላይ «ሆሳዕና» ብዬ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። ወተት ከቀጠነ የጎደለ ነገር አለ፤ ከጎደለ የሰረቀ አለ። ያን ሳምንት የሰረቀች በሌላውም መንገድ ታገኛለች። ቤቷ እንዲፈተሽ የብርበራ ትእዛዝ ላስወጣ ቢሮዬ ተመለስኩ። የያዝኩትን እናት ለመልቀቅ ሌላ እናት መያዝ ነበረብኝ፤ ሌላ መንገድ አልታየኝም።

ሰፍያ ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት ብርጭቆ አስቀምጣ ከማንቆርቆሪያ የፈላ ውሃ ታፈሳለች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ሦስት ልጅ ወልጄአለሁ፣ ኢንስፔክተር። አንዱን በጣሳ ወተት ነው ያሳደግኩት።» አንዱን ብርጭቆ አማሰለች። «ይኼ ከሙስተፋ ሱቅ የከፈትነው ነው።» ሌላውን አማሰለች። «ይኼ ሰልሚያ ጣሳ ውስጥ የተገኘው ነው። ማንኪያው እኩል፣ ውሃው እኩል።»

የመጀመሪያው እንደ ውሃ ፈሳሽ ነበር። ሁለተኛው እየቆየ ወፈረና ማንኪያውን አቆመው።

«ደህናው የትኛው ይመስላል?» አለችኝ።

«ወፍራሙ» አልኩ፤ ከአፌ እንደወጣ ነገሩ ገባኝ።

«ደህናው ወተት ቀጭኑ ነው» አለች ሰፍያ። «ሰልሚያ ‹ውሃ ነው› ብላ የተጣላችበት ወተት ልጇ በሁለት ወር ውስጥ ያገኘችው አንድ ንጹሕ ወተት ነው። የዚያን ሳምንት ያደረሰችው ሆሳዕና ናት። በሌላው ሳምንት ሁሉ ያደረሰችው ማን ናት?»

ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ሰፍያ ግን አልጨረሰችም። ከማስረጃው ላስቲክ ትንሽ ዱቄት በጣቶቿ መሃል አሸችው።

«ሰልሚያ የምትሸጠው ቡላ እርጥብ ነው፤ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ነው የሚመጣው። እርጥቡ ከወተት ዱቄት ጋር ቢገናኝ ተጓጉሎ በሁለት ቀን ይሻግታል። ይኼ ደርቆ፣ ተሰልቆ፣ በወንፊት የተነፋ ነው። ይህን የሚያዘጋጀው አዲስ አበባ የሚልክ ሰው ነው። ኢንስፔክተር፣ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው ሆኖብናል።»

ሙስተፋ ያለኝ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። አንዷ ልጅ ዳይፐር ቀነሰች፤ ያ ሌላው ጨመረ። ልጅ የሚሸናው የጠጣውን ነው። ከአንዷ የጎደለው ወተት የትም አልጠፋም፤ በሌላው ልጅ ዳይፐር ወጥቷል።

* * *

ናዝሬት በሩን ስትከፍት ከእኔ ይልቅ ሰፍያን አየች። ወደ ውስጥ አሳለፈችን። ምንተስኖት፣ ልጇ፣ አልጋ ላይ ተኝቷል። ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ወንፊት አለ፤ ጥግ ላይ ደግሞ በላስቲክ የታሸገ ነጭ ዱቄት ተደርድሯል።

«ይኼ ምንድን ነው?» አልኳት።

«ደረቅ ቡላ። ባሌ መርካቶ ለሚያውቃቸው ሰዎች በመኪና እልክ ነበር።»

«ነበር?»

«ተቀባይ ከጠፋ ቆየ» አለች።

የልጁን የክትባት ካርድ ጠየቅኋት። አውጥታ ሰጠችኝ። ኢስሀቅ የሰጠኝን የረምላን ካርድ ከኪሴ አውጥቼ አጠገቡ አስቀመጥኩት። በሦስት ወራቸው ሲመዘኑ ረምላ ትበልጠው ነበር። አሁን ምንተስኖት ሰባት ኪሎ ከስድስት መቶ ሆኗል።

«አንድ መደብ ወተት ነው የምትወስጂው። ጡት ትሰጪዋለሽ?»

የልጁን ብርድ ልብስ አስተካከለች።

«ናዝሬት፣ ጡትሽ አለ ወይ?» አለቻት ሰፍያ፣ በእህትነት ድምፅ።

ሴትዮዋ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። «ደርቋል። ሁለት ወር ሆነው። ባሌ መርካቶ ሌላ ቤት ይዟል፤ ስልክም አያነሳ። ጭንቀት ይሆናል አሉኝ። ለማን ልንገር? ሰፈሩ ሁሉ ‹የናዝሬት ባል ሱቅ አለው› ነው የሚለው። ለእናቴም አልነገርኳት።»

«ለሰልሚያ ብትነግሪያትስ?»

«ብነግራት ከሁለቱ መደብ አንዱን ትሰጠኝ ነበር» አለች ናዝሬት። «ትሰጠኝ ነበር። እሱ ነው ያሳፈረኝ።»

ሰፍያ ፊቷን አዞረች። እኔ መጻፌን ቀጠልኩ፤ ሥራዬ ነው።

«መጀመሪያ ሁለት ማንኪያ ብቻ ነው የወሰድኩት። ከሚዛን እንዳይጎድል ያን ያህል ቡላ ተካሁበት። ቡላ እኮ መርዝ አይደለም። እኔ በቡላ አድጌአለሁ፤ እናቴ በቡላ ነው ከሞት የተነሳችው። ልጁ ማልቀሱን ተወ፤ ተኛልኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ጨመርኩ። ቀጥሎም ጨመርኩ። ረምላ ደግሞ ጉንጯ ሲሞላ አየሁ። እመቤቴን፣ ደስ አለኝ! ቡላው ተስማማት፣ ሁለቱም ሊያድጉልን ነው አልኩ።»

«መቼ ነው ደህና እንዳልሆነች ያወቅሽው?»

ልጁ በእንቅልፉ ተገላበጠ።

«የዛሬ አሥር ቀን» አለች። «አቅፌ ሳጫውታት እግሯን ያዝኩት። ጣቴ የነካው ቦታ ጎድጉዶ ቀረ። አታየኝም፤ ዓይኗ ክፍት ነው፣ ግን አታየኝም። ያኔ አወቅሁ።»

«ከዚያ በኋላ አንድ ቅዳሜ አለ» አልኳት።

«አለ።»

«ቅዳሜ ንጹሑን ሰጠሻት?»

ናዝሬት ልጇን አየች። «ላስቲኩን ፈትቼ ብዙ ቆየሁ። ንጹሑን ብሰጣት ወተቱ ይቀጥናል፤ እንደ ሆሳዕና ሌባ ትለኛለች አልኩ። ደግሞም የእኔው ልጅ ነቅቶ እያለቀሰ ነበር።» እጆቿን ጭኗ ላይ አኖረች። «ቀላቀልኩት።»

* * *

ሰልሚያን ሐሙስ ጠዋት ለቀቅኋት። ከክፍሉ ስትወጣ ይቅርታ ልላት ተዘጋጅቼ ነበር፤ እሷ ቀደመችኝ።

«ልጄን ያጠበቻት ማን ናት?»

«የኢስሀቅ እህት።»

«ውሃው ለብ ያለ ነበር?»

አላውቅም አልኳት። ሁለት ቀን ሙሉ ስንት ሰው ስንት ጥያቄ ጠይቄ ያንን አልጠየቅሁም ነበር። ይቅርታውም ከአፌ ሳይወጣ ቀረ።

ከዚያ ነገርኳት። ማን እንደሆነች፣ ምን እንዳደረገች፣ ስለ ወፍራሙ ወተት፣ ስለዚያ ቀጭን ሳምንት። እኔ ስናገር ቆማ ነበር፤ ቀስ በቀስ ግድግዳውን ተደግፋ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ያን ጊዜ ነው ከማክሰኞ ወዲህ መጀመሪያ ያለቀሰችው። ድምፅ አልነበረውም።

«ሆሳዕናን ሌባ አልኳት» አለች። «ልጄን ያበላችልኝን ሌባ አልኳት። እኔ ደግሞ አንድ ማንኪያ ቀነስኩባት። በገዛ እጄ።»

«አንቺ አላወቅሽም» አለቻት ሰፍያ።

ምንተስኖት ሰፍያ ክንድ ላይ ነበር። ሕፃን ከእናቱ ጋር ነው የሚታሰረው፤ ናዝሬት ግን ቃሏን ስትፈርም ለጊዜው ሰፍያ ተቀብላዋለች። ከጠዋት ጀምሮ አልቅሶ አሁን ድምፁ ሰልሏል። ሰልሚያ ቀና ብላ አየችው።

«ስንት ኪሎ ነው?»

ሰፍያ ወደ እኔ ዞረች። «ሰባት ከስድስት መቶ» አልኩ።

«ስጪኝ።»

ሰፍያ አመነታች። እኔም እጄ ተዘረጋ፤ ግን አልከለከልኩም። ሰልሚያ ልጁን በሁለት እጇ ተቀብላ ወደ ላይ ከፍ፣ ወደ ታች ዝቅ አደረገችው። እግሩን በአውራ ጣቷ ተጫነችውና ለቀቀችው። ሥጋው ወዲያው ተመለሰ። አሁንም ተጫነችው፤ አሁንም ተመለሰ።

«ከዚህ ውስጥ የረምላ አለበት» አለች።

በክፍሉ በር ስንጥቅ ናዝሬት ቆማ ታያለች። ሰልሚያ ወደዚያ አልዞረችም።

«ዛሬ ምን ጠጣ?»

«ምንም» አለች ሰፍያ። «ጣቢያው ወተት የለውም።»

«ለፊታችን ቅዳሜ ሁለት መደብ ሙስተፋ ዘንድ ከፍያለሁ» አለች ሰልሚያ። «አሁን ስጠን በሉት። ለዚህ ልጅ ይሁን።» ከዚያ እኔን አየችኝ። «እሷን አልማርኳትም። ይህን ጻፉልኝ። ፍርድ ቤት ጠርታችሁኝ ስንት ጊዜ ብትጠይቁኝ አልማርኳትም። ግን ልጄን አስርቦ ያደገ ልጅ እሱም በረሃብ ከሞተ፣ የእኔዋ ምን ሆና ሞተች?»

ልጁን ለሰፍያ መለሰችላት። ሻርፗን አስተካክላ፣ በለቅሶው ሦስተኛ ቀን፣ ብቻዋን ወደ ቤቷ ሄደች። ሰፍያ ምንተስኖትን አዝላ ወደ ሙስተፋ ሱቅ ወጣች።